ውዳሴ ከንቱና የሥራ ሰው፤ የኖኤል ካዋርድ ሕይወት

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ክልል ወጣ ብዬ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ አንባብያን ምናልባት ከታላላቅ ድልድይ ሠሪዎች ወይም ከሞተር ፈልሳፊዎች አንዱን ይመርጣል ብለው ገምተው ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን አንድም ቀን ድልድይ ያልሠራውን፣ የመደበኛ ትምህርት ዕድሉም እጅግ ጠባብ የነበረውን፣ ብዙ ሰው በሐር ልብሱና በቀልጣፋ አንደበቱ ብቻ የሚያስታውሰውን እንግሊዛዊ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ኖኤል ካዋርድን ነው። የዚህን ምርጫ ምክንያት አስቀድሞ መግለጽ ተገቢ ይመስለኛል።

በ2019 ለንደን በሚገኘው በኦልድ ቪክ ቴአትር ቤት «ፕረዘንት ላፍተር» የተባለው የካዋርድ ኮሜዲ እንደገና ለመድረክ በቅቶ ነበር። ርእሱን «የዛሬ ሣቅ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ዝግጅቱ በፊልም ተቀርጾ በልዩ ልዩ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ስለታየ፣ እኔም ለመመልከት የበቃሁት በዚሁ መንገድ ነው። ታሪኩ ውዳሴ ከንቱ የተጠናወተው፣ ከመስታወት ፊት መለየት የማይሆንለት፣ ከመድረክ ወርዶም መተወኑን ማቆም ያልቻለ የአንድ ዝነኛ ተዋናይ ታሪክ ነው። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ተጓዘ። ካዋርድ ይህን ተውኔት የደረሰው ራሱ ሊጫወተው፣ በራሱ ጠባይና በራሱ ድምፅ ልክ ቀዶ ነበር። ለአንድ ሰው ገላ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ፣ ባለቤቱ ከሞተ ከ46 ዓመት በኋላ፣ ለሌላ ሰው እንዴት ልክ ሊሆን ቻለ?

ጥያቄው ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። አርማታ በካሳፎርማ ታቅፎ ሳለ ሁልጊዜ ጠንካራ ይመስላል። የናሙና ምርመራ ቢደረግለትም፣ እውነተኛው ፈተናው የሚጀምረው ካሳፎርማው ተነሥቶ የራሱን ክብደትና የላዩን ሸክም ለብቻው መሸከም ሲጀምር ነው። የካዋርድን ሕይወት የምተርከው በዚህ ዐይን እየተመለከትሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ልጅነትና የሙያ ትምህርት

ኖኤል ካዋርድ የተወለደው ዲሴምበር 16 ቀን 1899 ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቴዲንግተን ነው። አባቱ አርተር ካዋርድ የፒያኖ ሻጭ ነበር፤ ገቢው አነስተኛና የማያስተማምን ስለነበር ቤተሰቡ ከአንዱ መኖሪያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በቁጠባ ይኖር ነበር። የቤቱ ምሰሶ እናቱ ቫዮሌት ነበረች። ኑሮን ለመደጎም ተከራዮችን በቤቷ እያሳደረች፣ ልጇ ለመድረክ የተፈጠረ መሆኑን ግን ለአንድ አፍታም ሳትጠራጠር አሳደገችው። ጆሮዋ በደንብ ስለማይሰማ፣ ልጁ ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆረጠና እያጠራ መናገርን ከሕፃንነቱ እንደለመደ ይነገራል። በኋላ ዘመን ዓለም ሁሉ የመኳንንት አነጋገር አድርጎ የገመተው ያ ድምፅ፣ ምንጩ አንዲት ድካም የበዛባት እናት እንድትሰማው መፈለጉ ነበር ማለት ነው።

በጃንዋሪ 1911፣ ገና 11 ዓመት እንደሞላው፣ «ዘ ጎልድፊሽ» በተባለ ለልጆች በተዘጋጀ ተውኔት ላይ ደመወዝ እየተከፈለው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቻርልስ ሆትሪ የተባለው በዘመኑ እጅግ የታወቀ የኮሜዲ ተዋናይና የቴአትር ሥራ አስኪያጅ በጓዱ ውስጥ አሠራው። የካዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይህ ነበር ለማለት ይቻላል። ልጁ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ሆትሪ አንድን ቃል በምን ያህል ፋታ እንደሚያዘገየው፣ ሣቁ ከመብረዱ በፊት የሚቀጥለውን ቃል በምን ቅጽበት እንደሚጥለው ይመለከትና መምህሩን በጥያቄ ያሰለች ነበር። ሰውን ማሣቅ ከሰማይ የሚወርድ ጸጋ ብቻ ሳይሆን በልክና በጊዜ የሚሠራ የእጅ ሥራ መሆኑን የተማረው በዚያ ዕድሜ ነው። በ1913 ደግሞ እንደ እርሱ በልጅነቷ ለመድረክ ከበቃችው ከገርትሩድ ሎውረንስ ጋር ተዋወቀ፤ ይህች ጓደኛው በኋላ ከታላላቅ ሥራዎቹ የአንዳንዶቹ ግማሽ አካል ሆነች።

ትምህርት ቤት የገባበት ጊዜ አጭርና የተቆራረጠ ነበር። ጉድለቱን የሞላው በንባብ ነው። በ1918 ለውትድርና ተጠርቶ ሄደ፤ ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ምልክት አለበት ተብሎ ከወራት በኋላ ተሰናበተ። በ1921 በኪሱ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዞ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። ሀብት አላገኘም፤ ነገር ግን የአሜሪካ መድረክ ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ አየ። የእንግሊዝ ኮሜዲ በዚያን ጊዜ ረጋ ብሎ የሚጓዝ ነበር። ካዋርድ ከዚያ ጉዞ ይዞት የተመለሰው ዋና ዕቃ ፍጥነት ነበር፤ አጫጭር ቃላት፣ ፈጣን ምልልስ፣ ትርፍ ጌጥ የሌለው ንግግር።

ከፍታና ውድቀት

በ1924 «ዘ ቮርቴክስ» የተባለውን ተውኔት ደርሶ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሃምፕስቴድ በሚገኝ አነስተኛ ቴአትር ቤት አቀረበው። ተውኔቱ ወጣትነቷን ላለማጣት የምትታገል እናትና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የያዘው ልጇ የሚፋጠጡበት ስለሆነ የመንግሥቱ ሳንሱር ሊከለክለው አስቦ ነበር። ካዋርድ ግን ራሱ ቢሮው ድረስ ሄዶ ተውኔቱ ብልግናን የሚያወግዝ እንጂ የሚያስፋፋ አለመሆኑን አስረድቶ ፈቃዱን አገኘ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስሙ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። በ1925 በለንደን ታላላቅ ቴአትር ቤቶች አራት ሥራዎቹ በአንድ ጊዜ ይታዩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሦስት ቀን ውስጥ የደረሰው «ሄይ ፊቨር» ነው። ይህ ኮሜዲ ከመድረክ ተሰናብታ በቤቷ ውስጥ መተወን ስላላቆመች ተዋናይት ስለሚናገር፣ የኋለኛው ውዳሴ ከንቱ ወዳድ ተዋናይ ታላቅ እኅት በዚህ ተወልዳ ነበር ማለት እንችላለን።

ይሁን እንጂ ከመጠን ያለፈ ሸክም የተጫነበት አካል መሰንጠቁ አይቀርም። በ1926 «ዘ ኮንስታንት ኒምፍ» በተባለ የሌላ ደራሲ ተውኔት ሲጫወት ከድካም ብዛት ታሞ ወደቀና ለዕረፍት ወደ ሃዋይ ተጓዘ። በ1927 ደግሞ «ሲሮኮ» የተባለው ተውኔቱ በመጀመሪያው ሌሊት በተመልካች ጩኸትና ፉጨት ተዋረደ፤ ደራሲው በመድረኩ የኋላ በር ሲወጣ ምራቅ የተፉበት ሰዎችም ነበሩ። ብዙ ሰው ካዋርድ አበቃለት አለ። እርሱ ግን አልሸሸም፤ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ መሥራት ያዘ። በ1929 ቃሉንም ዜማውንም ራሱ የደረሰው «ቢተር ስዊት» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ሰመረለት። ዜማዎቹን እርሱ በፒያኖ ሲጫወታቸው በኖታ የሚጽፉለት ሌሎች ነበሩ፤ ራሱ ያንን ሙያ አልተማረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጀመረው የሩቅ ምሥራቅ ጉዞ ሻንግሃይ ላይ በጉንፋን ታሞ ሲተኛ፣ «ፕራይቬት ላይቭስ» የተባለውን በአራት ቀን ገደማ ጽፎ ጨረሰው። በ1930 ለንደን ላይ ከገርትሩድ ሎውረንስ ጋር ተጫወተው።

በ1931 ያቀረበው «ካቫልኬድ» በተለይ የእኛን ሙያ የሚመለከት ነው። ከአሮጌው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሠላሳ ዓመት የእንግሊዝን ታሪክ በአንድ ቤተሰብ በኩል የሚያሳየው ይህ ትርኢት በድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ከአጃቢው ሕዝብ ጋር አራት መቶ ያህል ሰው ያሰለፈ ነበር። የመድረኩን ወለል ከነሰዎቹና ከነዕቃዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱት በሃይድሮሊክ የሚሠሩ ማንሻዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ሌሊት ከማንሻዎቹ አንዱ ተይዞ ትርኢቱ ለደቂቃዎች ሲቋረጥ፣ ደራሲው በተመልካች መካከል ተቀምጦ ምን እንደተሰማው መሣሪያ ሲያስመርቅ መሣሪያው እንቢ ያለበት መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። ትርኢቱ ግን ተሳካ፤ ከእርሱ የተሠራውም ፊልም የአሜሪካን የፊልም አካዳሚ የምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ።

ሕዝቡ የሚያየው የሐር ልብስ የለበሰ፣ ሲጋራ በረጅም መያዣ የሚያጨስ፣ ሥራን የማያውቅ የሚመስል ሰው ነበር። የቅርብ ሰዎቹ የሚያውቁት ካዋርድ ግን በማለዳ ተነሥቶ የሚጽፍ፣ ልምምድ ላይ ቀልድ የማያውቅ፣ በኋለኛው ዘመኑም ተዋንያን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ቃለ ተውኔታቸውን በቃላቸው አጥንተው እንዲመጡ የሚያስገድድ ኃይለኛ አዘጋጅ ነበር። ከ1934 ጀምሮም ከሃያ ዓመት በላይ የተዋንያን ልጆች ማሳደጊያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል።

የራስን መልክ መጻፍ

«ፕረዘንት ላፍተር» የተጻፈው በ1939 ነው። ርእሱ የተወሰደው በሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ውስጥ ከሚገኝ ዘፈን ሲሆን፣ የዘፈኑ መንፈስ ደስታን ለነገ አለማሳደር ነው። ነገሩ እንደ ምፀት ሆኖ ተውኔቱ ራሱ ለነገ አደረ። ልምምዱ ተጀምሮ ሳለ በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ስለፈነዳ ሥራው ተቋረጠና፣ ለመድረክ የበቃው ከሦስት ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 1942 ብላክፑል ከተማ ውስጥ ነው። ካዋርድ በጦርነት በደከሙ ከተሞች እየተዘዋወረ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ቆይቶ በ1943 ወደ ለንደን አመጣው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋሪ ኤሰንዳይን ይባላል። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ይህንንም ማመን የሚያስጨንቀው፣ በአገሩ ሁሉ የተወደደ የኮሜዲ ተዋናይ ነው። በቅርቡ ወደ አፍሪካ ለትርኢት ሊጓዝ ተዘጋጅቷል። ተውኔቱ ሲከፈት ዳፍኒ የተባለች ወጣት የቤቴ ቁልፍ ጠፋብኝ በሚል ሰበብ በጋሪ ቤት አድራ እናገኛታለን። ጋሪ እርሷን ለማሰናበት የሚያሰማው የሐዘን ንግግር ከዚህ ቀደም ለብዙዎች የተነገረ፣ በሚገባ የተጠና ትወና ነው። ከዚህ በኋላ የአቅራቢው የሄንሪ ሚስት ጆአና በሌላ ሌሊት ያንኑ የጠፋ ቁልፍ ሰበብ ይዛ ትመጣለች። በመጨረሻው ገቢር አድናቂዎቹ ሁሉ ወደ አፍሪካ በሚሄደው መርከብ አብረውት ለመጓዝ ቲኬት ገዝተው በአንድ ሰዓት ቤቱን ያጥለቀልቁታል። የትዳር ክሕደት በተጋለጠበት በዚያ ትልቅ ጠብ መካከል እንኳ ጋሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው ባልደረቦቹ ለሚቀጥለው ሥራ የማይስማማውን ቴአትር ቤት መከራየታቸው ነው። እዚህ ላይ ተመልካቹ ይሥቃል፤ ነገር ግን እግረ መንገዱን የሰውዬው እውነተኛ ፍቅር ምን እንደሆነ ይረዳል።

ካዋርድ ይህን ሰው ከራሱ መቅዳቱን አልደበቀም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ጨመረበት፤ ተውኔቱን ከተራ ቀልድ የለዩትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ከጋሪ ዙሪያ ያቆማቸው ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ሞኒካ ደብዳቤዎቹንም ውሸቶቹንም በቅደም ተከተል ይዛለች። ከእርሱ ተለይታ የምትኖረው ነገር ግን ያልተፋታችው ሚስቱ ሊዝ የተበላሸውን ለማስተካከል በየጊዜው ትመጣለች። አቅራቢው ሄንሪና የሥራ ባልደረባው ሞሪስ ከቤት ሠራተኞቹ ጋር ሆነው የዚህን ሰው ዝና እንደ አንድ ድርጅት ያካሂዱታል። ዋጋ የሚሰጠው ነገር እነዚህ ሰዎች አያቈላምጡትም፤ እውነቱን ፊት ለፊት ይነግሩታል። ካዋርድም በሕይወቱ እንዲህ ያለ ማኅበር ነበረው። ሎርን ሎሬይን የተባለችው ጸሐፊው ከ1920ዎቹ ጀምሮ በ1967 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ አገልግላዋለች፤ ሞኒካን ያየ ሰው እርሷን አየ ይባላል። የውዳሴ ከንቱ ሰው ሁሉ በአድናቂዎች ብቻ ቢከበብ ኖሮ ተውኔቱ አሳዛኝ ይሆን ነበር። ኮሜዲ ያደረገው የእውነት ተናጋሪዎቹ መኖር ነው።

ሁለተኛው ሮላንድ ሞል የተባለው ወጣት ጸሐፌ ተውኔት ነው። ይህ ልጅ ከገጠር ተነሥቶ መጥቶ፣ ጋሪ ችሎታውን በቀላል ነገር ላይ እንዳባከነ፣ ለዘመኑ ቁም ነገር እንዳልሠራ በድፍረት ይነግረዋል። ካዋርድ በሕይወቱ ሙሉ ይህን ክስ ከሐያስያን ሲሰማ ኖሯል። እንግዲህ ከሳሹን ራሱ ጽፎ ወደ መድረክ አወጣው ማለት ነው። ሮላንድ አስቂኝ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አለመሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ ደራሲውም እንደሚያውቅ ይሰማናል። በራስ ላይ መሣቅ ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ራስን መውቀስ ሳይሆን የሚወቅስህን ሰው በክብር ወንበር ሰጥቶ ማስቀመጥ።

ጦርነትና ከዚያ በኋላ

የሮላንድ ክስ በካዋርድ ላይ በእውን የተነሣው ጦርነቱ ባስከተለው ለውጥ ነው። ካዋርድ በጦርነቱ ዘመን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በመጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ በነበረው የእንግሊዝ የፕሮፓጋንዳ ቢሮ ሠራ፤ የተዋንያን ልጆች ማሳደጊያውን ሕፃናት ወደ አሜሪካ አሸሸ፤ ለወታደሮች በመካከለኛው ምሥራቅና በሩቅ ምሥራቅ ግንባሮች ዘፈነ። በ1941 የለንደን ቤቱ በቦምብ ተጎዳ። በዚያው ዓመት በስድስት ቀን የጻፈው «ብላይዝ ስፒሪት» 1,997 ጊዜ በተከታታይ ታየ። በ1942 «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ» የተባለውን የባሕር ኃይል ፊልም ደርሶ፣ ከዴቪድ ሊን ጋር አዘጋጅቶ፣ ራሱም ተጫወተበት። ከጦርነቱ በኋላ በተገኘ ሰነድ፣ ናዚዎች እንግሊዝን ቢይዙ ከሚያስሯቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የእርሱም ስም ተገኘ። በሌላ በኩል የውጭ ምንዛሪ ሕግ ተላልፏል ተብሎ በ1941 በገንዘብ ተቀጥቷል። የባላባትነት ማዕርግም በጦርነቱ ዘመን ሊሰጠው ታስቦ ቀረ።

«ፕረዘንት ላፍተር» በ1947 ለንደን ላይ እንደገና ሲቀርብ 528 ጊዜ ታየ። በ1948 ካዋርድ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ ቋንቋ እስከ መጫወት ደረሰ። ሆኖም አዳዲስ ሥራዎቹ እንደ ቀድሞው አልሠመሩም። የሐያስያን ዐይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በ1956 የጆን ኦዝቦርን «ሉክ ባክ ኢን አንገር» ለመድረክ ሲበቃ፣ የሠራተኛው መደብ ቁጣና የጓዳው ኑሮ የአዲሱ ቴአትር ርእስ ሆነ። በዚያው ዓመት ካዋርድ ግብር ከብዶበት ከእንግሊዝ ወጥቶ መጀመሪያ በቤርሙዳ፣ በኋላም በጃማይካና በስዊትዘርላንድ መኖር ስለ ጀመረ፣ ጋዜጦች አገሩን የከዳ ሀብታም አድርገው አብጠለጠሉት። በ1961 ወጣት ጸሐፍተ ተውኔትን የሚነቅፉ ጽሑፎች በጋዜጣ አሳትሞ ራሱ ነገሩን አባባሰው። የሮላንድ ሞል ጠላት እርሱ ራሱ ሆኖ ሊቀር የተቃረበበት ጊዜ ይህ ነበር። ግን አልቀረም። የሃሮልድ ፒንተር ተውኔት «ዘ ኬርቴከር» በ1963 ወደ ፊልም ሲለወጥ ገንዘብ ካዋጡት ሰዎች አንዱ ካዋርድ ነው። የማይመስለውን ሥራ ጥራት አይቶ መቀበል ለሽማግሌ ባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ክብር የመለሰው ግን አዲስ ሥራ ሳይሆን አሮጌ ሥራ ነው። በ1964 በሎረንስ ኦሊቪየር ይመራ የነበረው ብሔራዊ ቴአትር፣ ካዋርድ ራሱ እንዲያዘጋጀው አድርጎ «ሄይ ፊቨር»ን እንደገና አቀረበው። ከአርባ ዓመት በፊት በሦስት ቀን የተጻፈ ቀላል ነገር የተባለው ኮሜዲ አንዲት ቃል እንደማትወጣለት ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት «ፕረዘንት ላፍተር»ም በናይጀል ፓትሪክ ተዋናይነት ተመለሰ። በ1970 የባላባትነት ማዕርጉ ከብዙ ዓመት መዘግየት በኋላ ተሰጠው። ማርች 26 ቀን 1973 ጃማይካ ውስጥ ፋየርፍላይ በተባለው ቤቱ በ73 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው በዚያ ኮረብታ ላይ ነው። በ1984 በዌስትሚንስተር ገዳም በጸሐፍት ማዕዘን ለመታሰቢያው የተቀመጠውን ድንጋይ ንግሥት እናት ኤልሳቤጥ መርቀው ገለጡት።

ካሳፎርማው ከተነሣ በኋላ

ከ1973 ጀምሮ ጋሪ ኤሰንዳይንን ደግፎ የሚያቆመው የካዋርድ ገላና ድምፅ የለም። ብዙ ሰው ተውኔቱ ያለ እርሱ ይፈርሳል ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1981 ለንደን ላይ ዶናልድ ሲንደን፣ በ1982 ኒውዮርክ ላይ ጆርጅ ሲ. ስኮት ተጫወቱት። ጆርጅ ሲ. ስኮት ግዙፍ ቁመናና ጎርናና ድምፅ የነበረው፣ በጄኔራልነት ትወናው የታወቀ አሜሪካዊ ስለነበር ከካዋርድ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አልነበረም። በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ ኬቪን ክላይን በዚሁ ገጸ ባሕርይ የቶኒ ሽልማት አገኘ። በ2019 ደግሞ በማቲው ዋርከስ አዘጋጅነት አየርላንዳዊው አንድሩ ስኮት ተጫውቶት የኦሊቪየር ሽልማት ተሰጠው።

የ2019ኙ ዝግጅት ከፍተኛውን ፈተና የፈተነ ይመስለኛል። በጥንቱ ድርሰት አቅራቢው ሄንሪ ወንድ ነው፤ ጋሪን የምታሳስተውም ሚስቱ ጆአና ናት። በአዲሱ ዝግጅት አቅራቢዋ ሴት ሆና፣ ወደ ጋሪ ቤት በሌሊት የሚመጣው ባሏ ጆ ሆነ። ካዋርድ ወንዶችን የሚያፈቅር ሰው እንደነበረ ወዳጆቹ ያውቁ ነበር፤ በዘመኑ ግን የእንግሊዝ ሕግ ይህን እንደ ወንጀል ይቀጣ ስለነበር በግልጽ ሊናገረው አልቻለም። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ የተለወጠው በ1967 ነው። እንግዲህ ደራሲው ሸፍኖ ያለፈውን አዘጋጁ ገለጠው ማለት ነው። ስለ ለውጡ የተለያየ አስተያየት ሊሰነዘር ይችላል። እኔ የማተኩረው ግን በአሠራሩ ላይ ነው። አንድ ምሰሶ ከቦታው ተነሥቶ በሌላ ዓይነት ምሰሶ ተተክቷል፤ ሸክሙ አዲስ መንገድ ይዞ ወርዷል፤ ቤቱ ግን አንድም ስንጥቅ አላሳየም። ሣቁ በየቦታው ወደቀ። እንዲያውም ጋሪ ለብቻው የሚቀርባቸው ጸጥ ያሉ ጊዜያት፣ መተወን ያላቆመ ሰው ምን ሊደብቅ እንደሚችል ስለምናውቅ፣ ከቀድሞው የበለጠ ከበዱ።

ተውኔቱ ጉድለት የለውም አልልም። ዳፍኒ ከአንድ ተማራኪ ልጅ አልፋ ሙሉ ሰው አትሆንም፤ ሎሌና ገረድ የሞላበት የምቾት ዓለም ለዛሬ ተመልካች ሩቅ ነው። የካዋርድን አነጋገር ለመቅዳት ብቻ የሚደክም ተዋናይም ባዶ ልብስ ይዞ ይቀራል። ዳግም ዝግጅቶቹ የተሳኩት ተዋንያኑ የካዋርድን መልክ ትተው እርሱ ያኖረውን መዋቅር ሲያምኑ ይመስለኛል፤ የመግቢያና የመውጫ ስሌት፣ የጠፋው ቁልፍ ተደጋግሞ መምጣት፣ እውነት ተናጋሪዎቹ የቆሙበት ቦታ፣ የከሳሹ ወንበር። እነዚህ በማንም ገላ ላይ የተደገፉ አልነበሩም።

በመግቢያዬ ያነሣሁት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ካዋርድ ውዳሴ ይወድ ነበር፤ ይህን መካድ እርሱ ራሱ የጻፈውን መካድ ነው። ነገር ግን ውዳሴው ከመጣም ከቀረም፣ በማለዳ የሚሠራውን ሥራ በልክና በጥንቃቄ ይሠራ ነበር። ውዳሴው ከእርሱ ጋር ፋየርፍላይ ኮረብታ ላይ ተቀበረ፤ ልኩ ግን ቀረ። እኛም በየዕለቱ የምንሠራቸው ነገሮች ስማችን ተጽፎባቸው የሚቆዩ አይደሉም። በድልድዩ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ የነዳፊውን ስም አይጠይቅም፤ ድልድዩ ቢንቀጠቀጥ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ የሐር ልብስ ለባሽ የምንማረው ነገር ካለ፣ ስሌታችንን ያለ ፍርሃት የሚያርምልንን ሰው በአጠገባችን ማስቀመጥ፣ ሥራውንም እኛ ሳንኖር እንዲቆም አድርጎ መሥራት ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካቹ የሚያየው ሌላ ተዋናይ ነው፤ ሣቁ ግን ካዋርድ በለካው ቅጽበት ይመጣል።